በትንሽ ግራንት ምግብ አትግዙ፤ ማነቆ ፍቱበት

ጥያቄው፦ «በአካባቢያችን ለተቸገሩ ቤተሰቦች በሳምንት ሁለት ቀን የበሰለ ምግብ፣ በወር አንዴ ደግሞ ደረቅ ምግብ የምናከፋፍል አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነን። ደመወዝተኛ የለንም፤ ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን። ለአነስተኛ ግራንት፣ ማለትም ለጋሽ ለተወሰነ ሥራ ለሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ፣ ሦስት ቦታ አመልክተን ሁለቱ መልስ እንኳ አልሰጡንም፤ አንደኛው “ዘላቂነቱ አልታየንም” አለን። የተራበ ሰው ማብላት ዘላቂነት የሚጠየቅበት ነገር ነው ወይ? ምን ብለን ብንጽፍ ነው የሚሰጡን?»

ምላሽ፦

መናደዳችሁ አይፈረድባችሁም። የተራበ ሰው ዛሬ መብላት አለበት፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ለእሱ ምኑም አይደለም። ይሁን እንጂ ገምጋሚው ያን ያለው ጨክኖ ወይም ሥራችሁን ንቆ እንዳይመስላችሁ። ፕሮፖዛል ስጽፍም ስገመግምም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ከወረቀቱ ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚያሰላ ልንገራችሁ።

የእናንተን ማመልከቻ አላየሁትም። እንደ እናንተ ያሉ ድርጅቶች የሚልኩት ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የችግሩ ስፋት በሁለት ገጽ ይተረካል፤ ከዚያ «ይህን ያህል ገንዘብ ብትሰጡን ለይህን ያህል ቤተሰብ ለስድስት ወር ምግብ እንገዛለን» ይላል። ገምጋሚው ገንዘቡን ለቤተሰቡ ቁጥር ያካፍላል፣ እንደገና ለወራቱ ያካፍላል፣ ከዚያ ሰባተኛው ወር ላይ ይደርሳል። ሰባተኛው ወር ላይ ወረቀቱ ዝም ይላል። «ዘላቂነቱ አልታየንም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የምትጻፈው እዚያ ላይ ነው። አንዳንዱ አመልካች ይህን ሽሽት መጨረሻ ላይ «ከሌሎች ለጋሾች ገንዘብ በማፈላለግ እንቀጥላለን» የሚል መስመር ይጨምራል። ይህ መልስ ወንዝ አያሻግርም፤ የሚፈላለገው ለጋሽ እኮ አሁን ወረቀቱን ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።

ስለዚህ «ምን ብለን እንጻፍ» ከማለታችሁ በፊት «ምን እንጠይቅ» የሚለውን ወስኑ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በአነስተኛ ግራንት ምግብ አትግዙ። አሁንም ደጃችሁ እየደረሰ ያለውን ምግብ፣ ጉልበት ወይም ሰው እንዳትጠቀሙበት የያዛችሁን አንድ ማነቆ ፍቱበት። ምግብ ተበልቶ ያልቃል። የተፈታ ማነቆ ግን ግራንቱ ከተዘጋ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል፤ ያ ደግሞ ስለ ሰባተኛው ወር የተጠየቃችሁትን ያለ ብዙ ወሬ ይመልስላችኋል።

የምግብ ባንክ የሚባለው አሠራር ራሱ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ከተማ ላይ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል በጎ ፈቃደኛ የምግብ ማደያ ቤት ያግዝ ነበር። ምግብ መኖሩን አይቷል፤ መደብሮች የሚጥሉት፣ ገበሬዎች ከማሳ የማይሰበስቡት ሞልቷል። የጎደለው ያን ተቀብሎ አቆይቶ ለሌሎች ድርጅቶች የሚያደርስ ቦታ ነበር። አንድ ቤተ ክርስቲያን ባዶ ሕንፃና ጥቂት መነሻ ገንዘብ ሰጠችው። በዚያ ጥቂት ገንዘብ ምግብ ገዝቶ ቢያድል ኖሮ ከአንድ ሰሞን አያልፍም ነበር። መጋዘኑ ግን የመጀመሪያው የምግብ ባንክ ሆነ፤ ሐሳቡም ከዚያ ተነስቶ ብዙ አገር ገባ።

ማነቆአችሁን የምታገኙት በስብሰባ ላይ ሐሳብ በማዋጣት ብቻ አይደለም። ያለፉትን ሦስት ወራት መዝገብ አውጡ። መዝገብ ከሌላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የመጀመሪያው ማነቆ እሱ ነው፤ አንድ ወር መዝግባችሁ ተመለሱ። ከመዝገቡ የምትፈልጉት የሰጣችሁትን ሳይሆን ያልሆነላችሁን ነው። እንሰጣችኋለን ተብላችሁ «ማስቀመጫ የለንም» ብላችሁ የመለሳችሁት ምግብ ስንት ነው? ተቀብላችሁ የተበላሸባችሁስ? ተመዝግበው የማይመጡት ቤተሰቦች ለምን ቀሩ? ማደያው ርቋቸው ነው፣ ሰዓቱ ከሥራቸው ጋር ተጋጭቶ ነው፣ ወይስ ሰልፍ ላይ መታየት አሳፍሯቸው? በጎ ፈቃደኞቻችሁ ማብሰያ ሰዓት ላይ ድስት እስኪለቀቅ ቆመው ይጠብቃሉ? ከእነዚህ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ይወጣል።

አንዱን ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው። አንድ የአትክልት አከፋፋይ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ 120 ኪሎ ያልተሸጠ አትክልት ይሰጣችኋል እንበል። እናንተ የምታበስሉት ሰኞና ሐሙስ ነው። ማቀዝቀዣ ስለሌላችሁ እስከ ሰኞ የሚቆየውን 40 ኪሎ ብቻ ትወስዳላችሁ፤ 80 ኪሎው ይቀራል። ዓመቱን 50 ሳምንት ብትሉት 4,000 ኪሎ ነው። አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ቢኖር ሁሉም አይተርፍም፤ ሩቡ ይበላሻል ብላችሁ ቀንሱ፤ 3,000 ኪሎ በዓመት ይቀራል። ማቀዝቀዣው አምስት ዓመት ቢያገለግል 15,000 ኪሎ ነው። አሁን የማቀዝቀዣውን ዋጋ፣ የአምስት ዓመት መብራትና ጥገና ጨምራችሁ ለ15,000 አካፍሉ። የምታገኙት በኪሎ የሚወጣ ወጪ ነው። ከጎኑ ያንኑ አትክልት ከገበያ ብትገዙት በኪሎ ስንት እንደሚሆን አስቀምጡ። ገምጋሚው ይህን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ሲያይ የችግሩ ስፋት ሁለት ገጽ ይተረክልኝ አይልም። ሩቡን መቀነሳችሁን አትዝለሉት ታዲያ፤ ብልሽት የሌለበት ስሌት ያቀረበ አመልካች መጋዘን ገብቶ እንደማያውቅ ወዲያው ይታወቅበታል።

ያንኑ ጥያቄ በጽሑፍ እንየው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው፦ «ድርጅታችን በአካባቢው የተንሰራፋውን የምግብ ዋስትና ችግር በዘላቂነት ለመቅረፍና የተጠቃሚዎችን አቅም ለመገንባት የተቀናጀ ርብርብ እያደረገ ይገኛል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ድርጅት ወረቀት ላይ ቆርጣችሁ ሌላው ላይ ብትለጥፉት ልክ ይሆናል፤ ምንም አይናገርምና። እንዲህ በሉት፦ «በየሳምንቱ 80 ኪሎ አትክልት ማስቀመጫ አጥተን እንመልሳለን። የመለስንበት የሦስት ወር መዝገብና የአከፋፋዩ ደብዳቤ ተያይዟል። አንድ ማቀዝቀዣ ከተገዛ ከዚህ ቢያንስ 60 ኪሎውን እንጠቀማለን፤ ሰኞና ሐሙስ የምናቀርበው ምግብ ላይ አትክልት ሁልጊዜ ይኖራል። የመብራት ወጪውን ሕንፃውን በነፃ የሰጠን አካል ለመሸፈን በጽሑፍ ተስማምቷል።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። «ዘላቂ» የሚል ቃል አንዴም አልገባበትም፤ ነገሩ ግን እዚያው አለ፤ ምግቡን ማን በየሳምንቱ እንደሚሰጥና መብራቱን ማን እንደሚከፍል ታውቋልና።

ምግብ መግዛት ፈጽሞ አይፈቀድም እያልኩ አይደለም። ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ፣ ወይም በዓመት ውስጥ ልገሳ የሚነጥፍበት የታወቀ ወር ሲኖር፣ ለይታችሁ ለዚያ ጊዜ ብቻ ጠይቁ። መጀመሪያውና መጨረሻው ይታወቅ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከምትመግቧቸው ሕፃናት መካከል በጣም የከሱ ካሉ ነገሩ የሕክምና ነው። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ልጅ የላይኛው ክንድ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ አጣዳፊ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ነው የሚላከው። የእናንተ ድርሻ መለካት፣ መላክና መድረሱን መከታተል ነው። የመለኪያ ጥብጣብና የሁለት ሰው ሥልጠና በጣም ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ለጋሽ እንቢ ለማለት የሚቸገርበት ጥያቄ መሆኑንም ልብ በሉ።

ሰው ሁሉ ምግቡን በዓይነት ማግኘት አለበት ወይ የሚለውም መነሳት አለበት፤ አንዳንድ ለጋሾች ይህን ያነሱባችኋል። ኢኳዶር ውስጥ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሠራበት አካባቢ ጥሬ ገንዘብን፣ ኩፖንንና ምግብን ያነጻጸረ ጥናት ነበር። ሦስቱም የቤተሰቡን አመጋገብ አሻሽለዋል። ምግብ የተሰጣቸው የሚያገኙት የካሎሪ መጠን ይበልጥ ጨመረ፤ ኩፖን የተሰጣቸው የሚመገቡት የምግብ ዓይነት ይበልጥ በዛ፤ ለማድረስ ከሁሉ የተወደደው ምግቡ ነበር። ከዚህ የምትወስዱት፣ ገበያ በአቅራቢያው ላለና ምግብ ተሟልቶ ለሚገኝበት ሰፈር የተገዛ ደረቅ ምግብ ተሸክሞ ማከፋፈል ብዙ ጊዜ ውድ መንገድ መሆኑን ነው። በነፃ የተገኘ፣ ካልተነሳ የሚጣል ምግብ ሲሆን ስሌቱ ይገለበጣል። የወር ደረቅ ምግባችሁን ከገበያ ገዝታችሁ ከሆነ የምታከፋፍሉት፣ ከሰፈሩ ነጋዴዎች ጋር ተነጋግራችሁ በኩፖን ብታደርጉት ማጓጓዣውም ሰልፉም ይቀርላችኋል። በሳምንት ሁለቴ የምታበስሉትን ግን አትንኩት፤ ቤቱ ማብሰያ ለሌለው ሰው ኩፖን ምንም አያደርግለትም።

አሁን ወደ መለካት። አነስተኛ ድርጅቶች «ውጤት አሳዩ» ሲባሉ የሚሮጡት ወደ ሳህን ቆጠራ ነው። ስንት ሳህን እንደቀረበ መቁጠር ይገባል፤ ሳህኑ ግን የሚናገረው ስለ እናንተ እንጂ ስለ በላው ሰው አይደለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ባለ አርባ ጥያቄ ቅጽ ይዞ የተቸገረ ሰው ደጃፍ ላይ የሚቆም አለ፤ ይሄኛው ከሳህን ቆጠራም ይብሳል። መካከሉ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዳበረው የምግብ ዋስትና እጦት መለኪያ ስምንት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሁሉም «አዎ» ወይም «አይ» ተብለው ይመለሳሉ። «ምግብ አይበቃኝም ብለው ሰግተው ያውቃሉ?» ከሚለው ይጀምርና፣ የምግብ ዓይነት መቀነስን፣ አንድ ጊዜ ሳይበሉ ማለፍን፣ ቤት ውስጥ ምግብ ማለቁን ጠይቆ «ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ውለው ያውቃሉ?» በሚለው ያበቃል። ከዚያም ያጠረ የቤተሰብ ረሃብ መለኪያ የሚባል አለ፤ ሦስት ጥያቄ ነው፣ የሚጠይቀውም ስላለፉት አራት ሳምንታት ነው። አጭሩ ጠንከር ያለውን ረሃብ ብቻ ስለሚይዝ፣ ችግሩ ሥር ላልሰደደበት አካባቢ ብዙ አይጠቅምም።

ስለ አመጋገቡ ይዘት ለማወቅ ከፈለጋችሁ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የምግብ ፍጆታ ነጥብ አለ። ባለፉት ሰባት ቀናት እያንዳንዱ የምግብ ምድብ ስንት ቀን እንደተበላ ይጠየቅና ቀኑ ለምድቡ በተሰጠው ቁጥር ይባዛል፦ ዋና ምግብ (እህልና ሥራ ሥር) በ2፣ ጥራጥሬ በ3፣ አትክልትና ፍራፍሬ እያንዳንዳቸው በ1፣ ሥጋና ዓሣ በ4፣ ወተት በ4፣ ዘይትና ስኳር በ0.5። ድምሩ 21ና ከዚያ በታች ከሆነ ደካማ፣ ከ35 በላይ ከሆነ ተቀባይነት ያለው ይባላል፤ በመካከል ያለው አፋፍ ላይ ነው። ዘይትና ስኳር በየቀኑ በሚበላበት ማኅበረሰብ መስመሮቹ ወደ 28ና 42 ከፍ ይላሉ። የማቀዝቀዣውን ምሳሌ ብትወስዱ ግን ይህን ሁሉ አያስፈልጋችሁም፤ አትክልት በሳምንት ስንት ቀን እንደተበላ በፊትና በኋላ መጠየቅ ይበቃል። የፈታችሁት ማነቆ የሚለውጠውን ነገር ብቻ ለኩ። ረሃብ በአካባቢው በዚህ ያህል መቶኛ ይቀንሳል ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ እናንተ ልታዙት የማትችሉት የዋጋ ንረት አንድ ወር ላይ ሁሉንም ያጠፋዋል፤ ሪፖርት ላይ ስትንተባተቡ ትገኛላችሁ።

በጀቱ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፤ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። በጎ ፈቃደኞች ስለሆናችሁ «ወጪ የለንም» ማለት ያኮራችኋል። ለጋሹ ግን ይህን ሲያነብ የሚታየው ሁለት ሰው ሲታመም የሚቆም ሥራ ነው። የበጎ ፈቃደኞቹን ሰዓት መዝግቡ፤ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ በሚከፈለው ልክ ዋጋ ተምኑለትና በእናንተ በኩል የተዋጣ በዓይነት ድርሻ አድርጋችሁ አስገቡት። በነፃ ያገኛችሁት አዳራሽም፣ የአከፋፋዩ አትክልትም እዚያው ይግባ። ብዙ ግራንት ከአመልካቹ ድርሻ ይጠይቃል፤ እናንተ ደግሞ ድርሻው አላችሁ፣ ስላልጻፋችሁት ነው እጅ ያጠራችሁ የምትመስሉት።

ቀጥሎ የተዘዋዋሪ ወጪ አለ፤ ስልክ፣ የሒሳብ ሥራ፣ ኅትመት፣ የባንክ ክፍያ። መመሪያው ከፈቀደ በመቶኛ አስሉና ጠይቁ፤ አታፍሩበት። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እንኳ ከመንግሥቱ ጋር ተደራድሮ የተስማማበት የተዘዋዋሪ ወጪ መጠን ለሌለው ድርጅት ያለ ማስረጃ የሚፈቅደውን ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ ከኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፍ አድርጎታል። መመሪያው ካልፈቀደ ደግሞ በሌላ መስመር ውስጥ ደብቃችሁ አታስገቡት፤ ኦዲተር የመጀመሪያ የሚያየው ያን ነው።

ገንዘቡ አስቀድሞ የሚሰጥ ነው ወይስ ወጪ ካደረጋችሁ በኋላ የሚተካ? ይህን ሳትጠይቁ ውል አትፈርሙ። አንዳንዱ ለጋሽ ደረሰኝ ካየ በኋላ ነው የሚከፍለው። በባንክ ምንም ለሌለው ድርጅት እንዲህ ያለ ግራንት ማሸነፍ ዕዳ መግባት ነው።

ገንዘቡ ራሱም ዋጋ አለው። ማመልከቻው፣ ሦስት ቦታ የዋጋ ማወዳደሪያ መሰብሰቡ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርቱ፣ ጉብኝቱ፣ መዝጊያው፤ በሰዓት ገምቱት። አንዲት ትንሽ ግራንት 60 ሰዓት ወረቀት የምትጠይቅ ከሆነና በዚያ 60 ሰዓት በጎ ፈቃደኞቻችሁ ያንኑ ያህል ገንዘብ ከሰፈሩ ነዋሪና ነጋዴ ማሰባሰብ የሚችሉ ከሆነ ግራንቷን ተዉአት። እንዲያውም ከነዋሪው የመጣ ገንዘብ ለየትኛውም ነገር ይውላል፤ ግራንቱ ግን ለተጻፈለት መስመር ብቻ ነው። ይህን ምክር ከግራንት ባለሙያ አፍ አልጠበቃችሁት ይሆናል።

የት እንደምታመለክቱ በማነቆአችሁ ዓይነት ይወሰናል። ዕቃና ግንባታ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ፣ ኤምባሲዎች የሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍ ጥሩ በር ነው። ለምሳሌ የጃፓን መንግሥት በ1989 እ.ኤ.አ. የጀመረው ለታችኛው የኅብረተሰብ ክፍል የሚሰጠው ድጋፍ በኤምባሲዎቹ በኩል ለአገር በቀል ድርጅቶች ይሰጣል፤ ደመወዝንና መደበኛ የሥራ ማስኬጃን ግን አይሸፍንም። ስለዚህ ለምግብ ግዢ ብታመለክቱበት ከበሩ ነው የምትመለሱት፤ ለመጋዘን ወይም ለወጥ ቤት ዕቃ ግን ልኩ ነው። ማነቆአችሁ ምርት ላይ ከሆነ፣ ማለትም ውሃ፣ አፈር፣ ዘር፣ የጓሮ እርሻ፣ በዋናነት በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚተዳደረው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ተቋም አነስተኛ የድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገሮች የሚሠራ ነው። እዚያ ግን የአካባቢ ጥበቃ ጥቅሙን ማሳየት ግድ ነው፤ ረሃብን ብቻ ብላችሁ አትገቡም።

ሮታሪን፣ ዓለም አቀፉን የበጎ አድራጎት ክለቦች ማኅበር፣ ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል። ዓለም አቀፍ ግራንታቸው ዝቅተኛው የፕሮጀክት በጀት 30,000 ዶላር ነው፤ የሁለት አገር ክለቦችን ይጠይቃል፣ ከሰባቱ የትኩረት መስኮቻቸው መካከልም ረሃብ ለብቻው አልተቀመጠም። ለእናንተ የሚሆነው የዲስትሪክት (የአካባቢ ክለቦች ስብስብ) ግራንቱ ነው፤ ትንሽ ነው፣ አጭር ነው፣ የሚጠይቀውም ክለቡ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመላክ በፊት የቅርባችሁ ክለብ አባላት ሐሙስ መጥተው ድስት ያጥቡ። በእኔ ግምት ከየትኛውም ፕሮፖዛል ይልቅ ያ ይሠራል።

ከአገር ውስጥ ባንኮችና ፋብሪካዎች ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ዕቃና አገልግሎት ጠይቁ፤ ያገለገለ መኪና፣ መደርደሪያ፣ የማጓጓዣ ነዳጅ። በአካባቢያችሁ ትልቅ የምግብ ባንክ ካለ ከእሱ ጋር የምትሠሩ ድርጅቶች ሁኑ፤ ትልልቆቹ ለጋሾች ብዙውን ጊዜ ትንሹን ገንዘብ የሚያወርዱት በእነሱ በኩል ነው። ምዝገባችሁ ካልተጠናቀቀ ወይም የተመረመረ ሒሳብ ከሌላችሁ፣ የታወቀ ድርጅት ገንዘቡን በእናንተ ስም ተቀብሎ እንዲያስተዳድር መዋዋል ይቻላል፤ በመቶኛ ያስከፍላል፣ ግን በር ይከፍታል። በነገራችን ላይ፣ «ግራንት አሸንፋችኋል፤ ማስኬጃ ክፍያ ላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ ሌባ ነው። ዕውነተኛ ለጋሽ ገንዘብ ይልካል እንጂ አያስልክም።

ስለ ምግብ ደኅንነት አንድ አንቀጽ ማመልከቻው ውስጥ ይግባ። ለጋሾች ከማንኛውም ነገር በላይ የሚፈሩት በእነሱ ገንዘብ የተመገበ ሰው እንዳይታመም ነው፤ አመልካቾች ግን ስለዚህ ብዙ አይጽፉም። የዓለም ጤና ድርጅት አምስቱ ቁልፎች የሚባሉት ቀላል ናቸው፤ ዋናው፣ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሁን የሚለው ነው። ቴርሞሜትር በጀት ውስጥ አስገቡ፤ ከሁሉ የረከሰ መስመር ይሆናል፣ ግን ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው የጻፈው መሆኑ የሚታወቅበት መስመር ነው። መጋዘን ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የገባ ሳይሆን መጠቀሚያ ጊዜው መጀመሪያ የሚያልፍ ቀድሞ ይውጣ። በልገሳ የሚመጣ ምግብ የገባበት ቀንና የሚያልፍበት ቀን ቅደም ተከተላቸው አይገናኝም።

ፎቶን በሚመለከት አቋሜ ጠንካራ ነው። ሳህን ይዞ የተሰለፈ ሰው ፊት የማመልከቻ ማስጌጫ አይደለም። ማቀዝቀዣውን፣ መጋዘኑን፣ የምታበስሉትን እጅ አንሱ። ለጋሹ የተጠቃሚ ፎቶ ግድ ካለ በጽሑፍ ፈቃድ ይሁን፤ «እንቢ» ያለ ሰው ምግቡን እንደማያጣ አስቀድሞ ይነገረው። የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝርም በኢሜይል ለማንም አይላክ፤ ማጣራት የፈለገ ለጋሽ ቢሮ መጥቶ መዝገቡን ይይ።

ሦስት ቦታ አመልክታችሁ ሁለቱ ዝም ማለታቸው የተለመደ ነው፤ እነሱን እርሷቸው። «ዘላቂነቱ አልታየንም» ያላችሁ ግን ወረቀታችሁን እስከ መጨረሻው አንብቧል፤ ምን እንደጎደለም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሯችኋል። በዚህ ሳምንት አጭር ደብዳቤ ጻፉለት፤ ማስረዳትም መከራከርም አያስፈልግም፦ «ስለ ውሳኔያችሁ እናመሰግናለን። አስተያየታችሁን ተቀብለን የሦስት ወር መዝገባችንን አየን፤ በየሳምንቱ ማስቀመጫ አጥተን የምንመልሰው ምግብ መኖሩን አገኘን። በሚቀጥለው ዙር ለምግብ ግዢ ሳይሆን ለዚህ ብቻ ብናመለክት ከመመሪያችሁ ጋር ይሄዳል ወይ? አዎ ካላችሁ ከማመልከታችን በፊት ለአሥር ደቂቃ በስልክ ብናነጋግራችሁ ደስ ይለናል።» ማቀዝቀዣ ካልሆነ የእናንተን ማነቆ እዚያ ቦታ ላይ ተኩት። መልስ ከሰጡ፣ ስልኩን ሒሳቡን የሚይዘው ሰው ያንሳው፤ የሚጠይቁት ቁጥር ነው።